ውሻዬ ድንገት ይወድቃል፣ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ምን ሆኖ ነው?



«ዶክተር፣ የ8 ወር ውሻዬ ሲጫወት ቆይቶ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ትንሽ አርፎ ተነስቶ ይሮጣል። ክሊኒክ ብወስደው ደህና ነው ብለው መለሱኝ።» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛ ዛሬ እንየው።

«ደህና ነው» መባሉ አይግረማችሁ። ችግሩ መጥቶ የሚሄድ ነው፤ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ብዙ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ከደም ምርመራው በፊት የምንፈልገው ቪዲዮ ነው። ሲጀምረው ስልካችሁን አውጡና ሙሉ ሰውነቱን ቅረጹ፣ ስሙን ጥሩት፣ ሰዓት ያዙ። ተነስቶ እስኪሄድ አታቋርጡ። እንዴት እንደሚያገግም ማየት ከአወዳደቁ እኩል ይጠቅመናል።

⚠️ ቅድሚያ ግን ይህን አንብቡ! ክትባት ያልወሰደ ወይም ከመንገድ ያነሳችሁት ቡችላ እግሩ ከዛለ፣ አገጩ ከተንጠለጠለና ምራቁ ከተዝረበረበ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ ዝም አሰኝቶ ሽባ የሚያደርግም አለ። ይሄኛው ተሽሎት ተመልሶ አይሮጥም፣ በቀናት ውስጥ እየከፋ ሄዶ ይገድላል። ለብቻው ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ፣ ቦታውን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

እሺ፣ ወደ ቪዲዮው እንመለስ።

የሚጥል በሽታ ብዙውን ጊዜ ውሻው አርፎ ወይም ተኝቶ ባለበት ይነሳል። ራሱን አያውቅም፣ እግሮቹ እንደሚዋኝ ይቀዝፋሉ፣ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። አብዛኛው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ነው፤ ካለፈ በኋላ ግን ግራ ይገባዋል፣ ከዕቃ ጋር ይጋጫል፣ አንዳንዱ ለሰዓታት። ከልብ የመጣ ራስን መሳት በተቃራኒው ሲሮጥ ወይም ሲደሰት ዱብ ያደርገዋል፣ ከዚያ ቶሎ ተነስቶ ልክ እንደበፊቱ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ድዱ ነጭ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የልብ ምቱ በኢሲጂ መታየት አለበት።

ብዙ ሰው ከሚጥል በሽታ ጋር የሚያምታታው ሌላ አለ። ውሻው ነቅቷል፣ ስትጠሩት ያያችኋል፣ ግን እግሮቹ ተገትረው አልታዘዝ ይሉታል። ሲለቀው ግራ መጋባት የለም። ይህ የእንቅስቃሴ መዛባት ነው፤ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ በተባለው ዝርያ ላይ በዘር የሚመጣ መሆኑ ታውቋል። ያለ ቪዲዮ ይህን መለየት በጣም ከባድ ነው።

ላብራዶር ላላችሁ ደግሞ ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ በኃይል ከሮጠ በኋላ ከኋላ እግሩ ጀምሮ እየተንገዳገደ የሚወድቅ ከሆነ፣ ከእናትም ከአባትም በሚወረስ የጂን ለውጥ የሚመጣ ችግር ሊሆን ይችላል። ጂኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ተለይቷል፣ በደም ወይም በጉንጭ ናሙና ይመረመራል። መንገዳገድ እንደጀመረ ጨዋታውን አቁሙ። «ይለማመድ» ብለው ሲያስሮጡት የሞተ ውሻ አለ!

ትንሽ ተራምዶ የሚዝል፣ ሲያርፍ የሚበረታና የበላውን ሳያስመልስ እንዲሁ የሚተፋ ከሆነ ማያስቴኒያ ግራቪስን እንጠረጥራለን። ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈው መልእክት የሚደክምበት በሽታ ነው። የምግብ ቧንቧውም ስለሚላላ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ይኸው ነው። እስኪታከም ድረስ ምግቡን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡለት።

በጣም ትንንሽ ቡችላዎች ላይ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ቀላሉን ነው፦ የስኳር ማነስ። ሳይበላ ከቆየ ወይም የሆድ ትላትል ካለበት ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል። ከ60 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። (የሰው ስኳር መለኪያ በውሻ ላይ ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ እሱን ብቻ አትመኑ።) ክትባቱ የተሟላና መዋጥ የሚችል ከሆነ ማር ድዱ ላይ ቀቡለትና ወደ ክሊኒክ ሩጡ።

ክሊኒክ ስትደርሱ ከስኳሩ ጋር የደም ማነስን፣ ሶዲየምና ፖታሲየምን፣ ካልሲየምን አብራችሁ ጠይቁ። መዥገር ካለበት መዥገር የሚያስተላልፋቸው በሽታዎችም ይታዩ። ድካሙ ወይም መፍዘዙ ከምግብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ደግሞ የጉበት የደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል የሐሞት አሲድ ምርመራ፣ አንዴ በባዶ ሆድ አንዴ ከበላ ከ2 ሰዓት በኋላ።

እስከዚያው ቤት ያለውን አይቡፕሮፌን «ህመም ይሆናል» ብላችሁ አትስጡት። ለውሻ መርዝ ነው፣ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል።

ቪዲዮ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ዕድሜውን፣ ዝርያውን፣ ክትባቱን፣ ከመውደቁ በፊት ምን ሲያደርግ እንደነበር ጻፉበት 🐾