የአንጎል ንጥረ ነገሮች መለወጥና የአረጋውያን አስተሳሰብ

አረጋውያን ነገር ሲዘነጉ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ዕድሜ የሚያመጣው ዝግታና ሕመም የሚያመጣው መርሳት የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን ማወቅ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ይጠቅማል፤ ከመርሳት ምክንያቶች አንዳንዶቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉና።

የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካላዊ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዶፓሚን ትኩረትን ለመሰብሰብና ነገርን በአእምሮ ይዞ ለማሰላሰል ያገለግላል። መልእክቱን የሚቀበሉት የሕዋስ ክፍሎች ከጉልምስና ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። በዚህም የተነሣ አረጋውያን ስም ለማስታወስ ይዘገያሉ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማከናወንም ያስቸግራቸዋል። ለዘመናት ያካበቱት ዕውቀት ግን በአብዛኛው ይጸናል። ዜማውን በቃላቸው የሚዘልቁ መሪጌታ ትናንት የተዋወቁትን ሰው ስም ቢረሱ አያስደንቅም።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸው ሕመም ግን ከዚህ ይለያል። የአንጎል ሕዋሳትን ያጠፋል፤ ለትውስታ የሚያስፈልገው አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገርም አብሮ ይመናመናል። ታማሚው የለመደው መንገድ ይጠፋበታል፤ ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል። ፈዋሽ መድኃኒት ባይገኝለትም ምልክቱን ለአንዳንዶች የሚያቃልሉ መድኃኒቶች አሉ። በአንጻሩ ለአለርጂና ለእንቅልፍ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች የአሴቲልኮሊንን ሥራ ስለሚያግዱ የአረጋውያንን አእምሮ ያደበዝዛሉ።

በተለይ ለእኛ ትኩረት የሚሻው የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ነው። ቫይታሚኑ ለነርቭ ሽፋን ጥበቃ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ በተፈጥሮ በዋናነት የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ የመለየት አቅሙ ይደክማል፤ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ የስኳር ሕሙማንም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ጾም ብቻውን መርሳትን ያመጣል ማለት አይደለም፤ ሰውነት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ይይዛልና። ክምችቱ ሲሟጠጥ ግን ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መዘንጋትም ይከተላሉ። እጥረቱ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመርፌ ወይም በእንክብል ይተካል። ሕክምናው ከዘገየ የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

ስለሆነም የንስሐ አባት በአረጋዊ ልጃቸው ላይ አዲስ መዘንጋት ሲያስተውሉ፣ ቤተሰቡ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ወደ ጤና ተቋም እንዲወስዳቸው ይምከሩ። ሐኪም የአመጋገብ ለውጥ ቢያዝ ታማሚው በስጋት እንዳይሸሽጉት፣ ጉዳዩን አስቀድመው በግልጽ ያወያዩአቸው።

የመወያያ ጥያቄ፦ በአጥቢያችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? ወደ ሕክምናስ ማን ያደርሳቸዋል?