ከላብራቶሪ ወደ ነጋሪት ጋዜጣ፦ ሳይንስ የተማረ ሰው ፖሊሲ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ እህታችን ለጀመዓችን የትምህርት ክፍል እንዲህ የሚል ጥያቄ አቅርባ ነበር፦ «ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ መጨረስ አልፈልግም፤ መምህርነትም አይሆነኝም። የተማርኩትን ጥዬ መሄድ ግን ያሳዝነኛል። ሌላ መንገድ የለም?» አለ። ከመንገዶቹ አንዱ የሳይንስ ፖሊሲ ነው፤ የዛሬው ትምህርታችንም ስለ እሱ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው ምን እንደሆነ ትርጉም ከመስጠት በጨው ብናየው ይቀላል። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት እንደሚመጣ፣ በእርግዝና ጊዜ ሲጎድል ደግሞ የልጁን አእምሮ እንደሚጎዳ ከታወቀ ቆይቷል። መፍትሔውም ርካሽ ነው፤ ጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር። አገራችን እስከ 1998 ድረስ አብዛኛውን ጨው የምታገኘው ከኤርትራ በኩል ነበር፤ አዮዲንም ነበረው። ጦርነቱ ድንበሩን ሲዘጋው ጨው ከአፋር፣ በተለይ ከአፍዴራ፣ ከብዙ ትናንሽ አምራቾች እጅ መምጣት ጀመረ፤ አዮዲኑም ቀረ። በ2011ዱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 ደረሰ።

ለውጡን ያመጣው ስለ አዮዲን የተገኘ አዲስ ዕውቀት አይደለም። የተመለሱት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ ኬሚካሉ በማን ገንዘብ ይገዛል? አፍዴራ ላይ ማን ይቀላቅለዋል? የጨው መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ማን፣ በምን መሣሪያ ይፈትሸዋል? ደግሞም ንጹሕ ኬሚስትሪ የሚጠይቅ ጉዳይ አለ። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ከጨው ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ፋብሪካ ላይ የሚጨመረው መጠን ቤት ሲደርስ እንዲኖር ከሚፈለገው መብለጥ አለበት፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ራሱ ታይሮይድን ይጎዳል። ያንን ቁጥር የሚያስቀምጠው ሰው ኬሚስትሪውንም መንገዱንም መጋዘኑንም ማወቅ አለበት። ደንቡ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። «አዮዲን ያለው» እና «በቂ አዮዲን ያለው» አንድ አይደሉም፤ በኋላ ሲመረመር ብዙው ጨው ከተወሰነው መጠን በታች ሆኖ ተገኝቷል።

ፖሊሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፓርላማ ብቻ ነው። ፓርላማ የሚያወጣው አዋጅ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል፤ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ያወጣሉ፤ ከዚያ በታች የምርት ደረጃዎች አሉ። የሳይንስ ቁጥሮች በብዛት የሚገኙት ታች፣ መመሪያውና ደረጃው ውስጥ ነው። እንደ እኛ ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚገባውም በዚያ በር ነው።

አንዳንድ አገሮች በሩን ለይተው ሠርተውታል። በአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበሩ በ1973 ሰባት ሳይንቲስቶችን ወደ ኮንግረስ በመላክ የጀመረው ፕሮግራም በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተስፋፍቷል። በመደበኛነት የዶክትሬት ዲግሪና የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፤ እዚያ የሚማሩ ዘመዶች ካሏችሁ ንገሯቸው። በብሪታኒያ ደግሞ በ1989 የተቋቋመ የፓርላማ የሳይንስ ቢሮ አለ። የዶክትሬት ተማሪዎች ሦስት ወር እዚያ ተቀምጠው ለእንደራሴዎች ባለ አራት ገጽ ማብራሪያ ይጽፋሉ። አስቡት፤ የአንድ ዘርፍ ምርምር በአራት ገጽ!

እኛ ጋ መንገዱ እንዲህ የተጠረገ አይደለም። የተለመደው በምግብና መድኃኒት፣ በአካባቢ ጥበቃ ወይም በኅብረተሰብ ጤና ተቋማት በጀማሪ ባለሙያነት መቀጠር፣ አለበለዚያ እያስተማሩ በደረጃ አውጪ የቴክኒክ ኮሚቴዎች ውስጥ መሳተፍ ነው። ማስዋብ አንፈልግም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደብዳቤና ስብሰባ ይበዛባቸዋል።

ረጅሙን መንገድ ከሄዱት አንዱ በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ። በ1969 ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ቀጥሎ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ በመጨረሻም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊ ሆኑ። ዘረ መላቸው በተለወጠ ሕያዋን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ድርድር አፍሪካንና ሌሎች ታዳጊ አገሮችን ወክለው ተናገሩ። ድርድሩ በ1999 ኮሎምቢያ፣ ካርታሄና ላይ ፈረሰ፤ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ተቋጨ። ከዚያ በ2009 አገራችን በጉዳዩ ጥብቅ አዋጅ አወጣች። ታዲያ ሌሎች፣ ከእሳቸው ያላነሰ የተማሩ፣ የአገራችን ተመራማሪዎች «ይህ አዋጅ ምርምራችንን አሰረው» ብለው ተከራከሩ፤ በ2015 ተሻሻለ። ከሁለቱ ወገን ሳይንስ ያልገባው አልነበረም። ገበሬው ምን ያህል ስጋት ይሸከም፣ ዘሩ በማን እጅ ይሁን የሚለውን ባዮሎጂ ብቻውን አይመልሰውም። ፖሊሲ ውስጥ የሚገባ ሳይንቲስት «ማስረጃው ይህን ይላል» እና «እኔ ይህን እመርጣለሁ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለይቶ መናገር መልመድ አለበት። ከሁሉም ሥልጠና ከባዱ ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋዎች ይታተማል፤ ልዩነት ሲፈጠር ግን የሚጸናው አማርኛው ነው። የ2018ቱ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም ወስኗል። ይህን ለቀለም ነጋዴ በአማርኛ አስረዱ ብትባሉ ስንቶቻችሁ ሳትደናቀፉ ትጨርሳላችሁ? (በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። እርሳሱም የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ ነው!)

ልምምዱን ለመጀመር ምረቃን መጠበቅ አያስፈልግም። በ2020 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ይፋ አድርገው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። አስተያየት ለመስጠት ዲግሪ አይጠየቅም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባችን፣ ኢንሻአላህ፣ ከትምህርት ክፍላችሁ ጋር የሚገናኝ አንድ ረቂቅ መመሪያ ወይም የምርት ደረጃ ፈልጉ። ውስጡ ያለውን አንድ ቁጥር ምረጡና ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚለካው፣ ቢጣስ ማን እንደሚጎዳ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ አምጡ። ጠያቂዋ እህታችን ጨውን ይዛለች፤ ሌላ ምረጡ።