«አልተስማማኝም»፤ ስለ ምግብ አለርጂ ምርምርና ስለ ወጪው

በአማርኛችን «ይህ ምግብ አይስማማኝም» የሚል ሰፊ አነጋገር አለ። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋውም፣ በርበሬ በልቶ ጨጓራው የሚቃጠልበትም፣ የተበላሸ ወጥ በልቶ የሚያስመልሰውም፣ እንቁላል ቀምሶ ከንፈሩ የሚያብጥበትም፣ አራቱም «አልተስማማኝም» ይላሉ። ለዕለት ንግግር ይህ ይበቃል። ለሐኪምና ለተመራማሪ ግን ነገሩ አራት ነው። የመጀመሪያው የወተትን ስኳር የሚፈጨው ንጥረ ነገር ማነስ፣ ሁለተኛው የጨጓራ ሕመም፣ ሦስተኛው የምግብ መመረዝ ነው። በትክክለኛው ትርጉም አለርጂ የሚባለው አራተኛው ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ስለዚሁ ስለ አራተኛው ነው፤ ይልቁንም ለምርምሩ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማን ይከፍላል፣ የከፈለውስ ምን ያገኛል የሚለውን ለመመርመር ነው። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ነን እንጂ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንም። ነገር ግን የአገር ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚለው ጥያቄ የሁላችን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ. አለርጂ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ተዋሕስያንን የሚዋጋበት የመከላከያ ኃይል አለው። በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ኃይል ወዳጅን ከጠላት መለየት ያቅተውና የእንቁላልን፣ የወተትን፣ የዓሣን ወይም የኦቾሎኒን ፕሮቲን እንደ ወራሪ ይቆጥራል። በዚያን ጊዜ፣ አብዛኛውን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ቆዳ ያሳክካል፤ ፊት ያብጣል፤ ያስመልሳል። የባሰ እንደሆነ የአየር ቧንቧ ይጠብባል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሰውዬው በቶሎ ካልተረዳ ሊሞት ይችላል። ለዚህ አደጋ ቀዳሚው መድኃኒት በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው።

ዕውቀቱ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። «አለርጂ» የሚለውን ቃል በ1906 የፈጠረው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነበር። በ1921 ካርል ፕራውስኒትስና ሃይንሪኽ ኪውስትነር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች በራሳቸው ላይ ሙከራ አደረጉ። ኪውስትነር ዓሣ አይስማማውም ነበርና ከደሙ የተወሰደው ፈሳሽ በፕራውስኒትስ ቆዳ ሥር ተወጋ፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ቢወጉት ቆዳው አበጠ። በሽታውን የሚያመጣው ነገር በደም ውስጥ እንዳለ በዚህ ታወቀ። የዚያ ነገር ማንነት ግን እስከ 1966 ድረስ አልተገለጠም ነበር። ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሲሠሩ አገኙት፤ ዛሬ አይጂኢ ይባላል። ከፍንጩ እስከ መልሱ 45 ዓመት ነው። ይህን ያህል ጊዜ የሚታገሥ ገንዘብ ነጋዴ ዘንድ አይገኝም።

2ኛ. ገንዘብ የለወጠው ምክር

የምርምር ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ለማየት የኦቾሎኒን ታሪክ እንመልከት። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት «ለአለርጂ ለተጋለጡ ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ኦቾሎኒ አትስጡ» ይሉ ነበር። ምክሩ ለአእምሮ የቀረበ ይመስል ነበር እንጂ በሙከራ አልተፈተነም። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በለንደን የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆች በእስራኤል ከሚኖሩት ይልቅ ዐሥር እጥፍ ያህል የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለባቸው ገለጸ። በእስራኤል ሕፃናቱ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ከኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ ይበላሉ።

ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው የተገኘው በፕሮፌሰር ጊዴዎን ላክ መሪነት በለንደን 640 ሕፃናትን እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ በመከታተል ነው። እኩሌቶቹ ኦቾሎኒ እንዲበሉ፣ እኩሌቶቹ እንዲርቁ ተደረገ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። መጀመሪያ በቆዳ ምርመራ ምንም ካልታየባቸው ሕፃናት መካከል፣ ከራቁት ከመቶ 13.7 እጅ አለርጂ ሲይዛቸው፣ ከበሉት ግን ከመቶ 1.9 እጅ ብቻ ያዛቸው። የጥናቱን ዋና ወጪ የቻለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ነበር። እንግዲህ ምክሩ ሳይመረመር የቆየበትን ዘመን ዋጋ የከፈሉት ሕፃናቱ መሆናቸውን እናስተውል። አለመመራመርም ወጪ አለው፤ ልዩነቱ በመዝገብ አለመጻፉ ነው።

3ኛ. በአገራችን የተደረገው

በኢትዮጵያ ስለ አለርጂ ምንም አልተጠናም ማለት ስሕተት ነው። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት በከተማውና በዙሪያው ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቋል። አስም በከተማ ከገጠር በዝቶ ተገኘ። በ2001 የተከተለው ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች የሚያፏጭ አተነፋፈስ እንደሚያንስባቸው አመለከተ። በቡታጅራም በ2005 እና በ2006 ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው የወለዷቸው ልጆች ለዓመታት ተከታትለዋል።

በእነዚህ ሥራዎች የአገራችን ሐኪሞች ከኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ደክመዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የቡታጅራውን ወጪ የሸፈኑት ግን ዌልካም ትረስትና አስማ ዩኬ የተባሉት የእንግሊዝ ድርጅቶች ናቸው። ድርጅቶቹን አንወቅስም። ሆኖም ገንዘብ ያወጣ ሰው ጥያቄውንም ይመርጣል። እንግሊዝን ያስጨነቃት አስም ስለነበረ ዋናው ጥያቄ አስም ሆነ፤ የጅማው ፍንጭም ኖቲንግሃም ተወስዶ የመንጠቆ ትል ለእንግሊዛውያን የአስም ሕሙማን በሙከራ ተሰጠ፤ የታሰበውን ጥቅም ግን አላሳየም። የእኛ እናት ጥያቄ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ «ልጄ ሽሮ ሲቀምስ ለምን ፊቱ ያብጣል?» የሚለው።

4ኛ. ጤፍና ሰሊጥ

«አለርጂ የሀብታም አገር በሽታ ነው» የሚል ወዳጅ ካለ ሁለት እህሎችን እናስታውሰው።

ጤፍ ሴሊያክ የተባለውን በሽታ የሚቀሰቅሰው ግሉተን የለበትም። ሴሊያክ ከአለርጂ የተለየ ቢሆንም እርሱም የመከላከያ ኃይል ስሕተት ነው። ጤፍ ለእነዚህ ሕሙማን እንደሚስማማ በ2005 በሳይንስ መጽሔት ያሳወቁት በኔዘርላንድ የሌይደን ተመራማሪዎች ናቸው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያም የጤፍ ዱቄትን አዘገጃጀት በሚመለከት በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። በሔግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። እህሉ የእኛ ነበር፤ ላቦራቶሪው ግን የእኛ አልነበረም።

ሰሊጥ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙልን ሰብሎች አንዱ ነው። አሜሪካ በ2021 ባወጣችው ሕግ ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ምግብ ብላ ሰይማዋለች፤ ከ2023 ጀምሮም በምግብ ማሸጊያ ላይ መጻፍ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ የሑመራና የመተማ ገበሬ አለርጂን ባያውቀውም አለርጂ ያውቀዋል።

5ኛ. «ረሃብ ይቅደም»

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ልጅ በምግብ እጦት በሚጎዳበት አገር ምግብ ስለማይስማማው ልጅ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ተቃውሞው እውነት አለው፤ በጀት ሲከፋፈል ረሃብ መቅደም አለበት። ነገር ግን የተራበውን ልጅ በምን እንደምናድነው እንመልከት። በስዊድን ርዳታ የተጀመረው ፋፋ ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ይዘጋጃል። በ2000 በሐዲያ በበደዋቾ ወረዳ በጽኑ የተጎዱ ሕፃናት ከሆስፒታል ውጪ፣ በቤታቸው ሆነው እንዲድኑ ያስቻለው ምግብ ከኦቾሎኒና ከወተት ዱቄት የተሠራ ነው። ወተት፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፤ እነዚህ በዓለም ሁሉ በአለርጂ አምጪነት ከሚታወቁት ዋነኞቹ ናቸው። ለአብዛኛው ሕፃን ነፍስ አድን ስለሆኑ መስጠታችንን አናቋርጥም። የማይስማማውን ጥቂት ሕፃን ለይቶ ማወቅ ግን የዚሁ የረሃብ ትግል ክፍል ነው እንጂ ተቃራኒው አይደለም።

የውጭ አገር ቁጥር መዋስም አይበቃም። የሆድ ትል በበዛበት ሕዝብ ዘንድ አይጂኢ ስለሚበዛ የደም ምርመራ «አለ» ሲል በሽታው ላይኖር ይችላል። ርግጡ የሚታወቀው ሐኪም ባለበት፣ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ፣ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ በማቅመስ ነው። ገንዘብ የሚፈልገውም ይኸው ነው።

6ኛ. ከየት እንጀምር?

ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው ጥናቱ የሚጀመርበትን ቦታ ያያል። ክፍለ ከተማው የፋብሪካ ሠፈር ነው፤ ዱቄትና ፓስታ ይመረትበታል፤ ከየገጠሩ የመጣ ሠራተኛ ይኖርበታል። ጅማ ላይ የታየው የከተማና የገጠር ልዩነት እዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊጠና ይችላል። የወፍጮ ቤትና የዳቦ ቤት ሠራተኛ የሚተነፍሰው የዱቄት ብናኝ አስም እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ጣሊያናዊው ራማዚኒ ስለ ወፍጮኞችና ስለ ጋጋሪዎች ሕመም የጻፈው በ1700 ነበር። በዚያው ክፍለ ከተማ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ሕሙማኑ፣ ሐኪሙና ላቦራቶሪው በአንድ ታክሲ ጉዞ ርቀት ናቸው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ፣ በጤና ጣቢያዎች «አልተስማማኝም» የሚለውን ሕመምተኛ ምን እንደበላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደተሰማው ለይቶ መመዝገብ፤ ይህ ከደብተርና ከትጋት በቀር ብዙ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ የዱቄት ሠራተኞችን ትንፋሽ መለካት፤ ወጪውን ፋብሪካዎቹ ቢካፈሉ ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ በሆስፒታል የሚደረገው የማቅመስ ምርመራ፤ ይህ የመንግሥት በጀት ይፈልጋል። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው ከመቶ አንድ እጅ ለምርምር እንዲያውሉ በ2006 በካርቱም ተስማምተዋል፤ አገራችን ግን ከዚያ በታች ናት።

እኛስ ምን እናድርግ? የቋንቋ ተማሪው «አልተስማማኝም» የሚለውን በየቋንቋችን ወደ ትክክለኛ መጠይቅ ይለውጥ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪው ወጪውን ያስላ፤ የሕግ ተማሪው የጤፉን ፓተንት ያጥና። ሌላው ከፍሎ የጠየቀልንን ጥያቄ መመለስ መልካም ነው። የራሳችንን ጥያቄ በራሳችን ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ መጠየቅ ግን ካልጀመርን፣ የአቃቂዋ እናት ለጥያቄዋ መልስ የምታገኘው ሌላ አገር ሲያስፈልገው ብቻ ይሆናል።