ከመፈረምሽ በፊት፦ የአየር ልቀት ፈቃድ ሥራ ለጀመረች የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ በፋብሪካ የልቀት ፈቃድ ክፍል መቀጠርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። በሰፈራችን በሽኩና ኣሌፍ ያሉ ዘመዶቻችን «ወረቀት ማስገባት ነው ወይ ሥራሽ?» ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ ወረቀት ነው። ነገር ግን ከከተማችን ከቤር ሸቫ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው ኔኦት ሆቫቭ፣ እኛ ትልልቆቹ ዛሬም ራማት ሆቫቭ በምንለው ቦታ፣ ከየጭስ ማውጫው ምን ያህል እንዲወጣ የሚወስነው ያ ወረቀት ነው። በዚህ ሥራ ሸምግያለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ሕጉን ራስሽ አንብቢው። አማካሪ ያዘጋጀውን ማጠቃለያ አንብበው ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ መሐንዲሶች አሉ፤ አንቺ ከእነሱ አትሁኚ። በእስራኤል ድሮ የነበረን የ1961ዱ የካኖቪች ሕግ ነው። ብርቱ ወይም ከመጠን ያለፈ ብክለት እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ብርቱ የሚባለው የቱ ነው በሚለው ግን ክርክሩ አያልቅም ነበር። የንጹሕ አየር ሕግ በ2008 ጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት ትልልቅ ፋብሪካዎች ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ሄተር ፕሊታ፣ ማለትም የልቀት ፈቃድ፣ ካላገኙ መሥራት አይችሉም። ፈቃዱ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በውስጡም ለየጭስ ማውጫው የተወሰነ ገደብ፣ የመለኪያ ጊዜና የጥገና ግዴታ ተዘርዝሯል። ገደቡን ማሟላት ብቻም አይበቃም። በአውሮፓ ሰነዶች ተመዝግቦ የሚገኘውን የተሻለ ቴክኒክ ለምን እንዳልተጠቀማችሁ ትጠየቃላችሁ፤ «ውድ ነው» የሚለው መልስም በስሌት መደገፍ አለበት።

የፋብሪካሽን ፈቃድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አባሪ አንብቢ። እያንዳንዱን ግዴታ ለይተሽ ጻፊና ማን እንደሚፈጽመው፣ መቼ እንደሚፈጽመው፣ ማስረጃው የት እንደሚቀመጥ ከጎኑ አስፍሪ። ባለቤት የሌለው ግዴታ ሳይፈጸም ነው የሚቀረው።

2. ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳታውቂ አትፈርሚ። ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

ጠረጴዛሽ ላይ የሚመጣ የልቀት ቁጥር ከሦስት ቦታዎች ከአንዱ ይመጣል። አንዳንዱ በጭስ ማውጫው ላይ ናሙና ተወስዶ የተለካ ነው። አንዳንዱ ከገባው ጥሬ ዕቃ ላይ የወጣውን ምርትና ዝቃጭ ቀንሶ የተሰላ ነው። ሌላው ደግሞ ሌላ አገር፣ ሌላ ማሽን ላይ ከተጠና ሠንጠረዥ የተወሰደ ነው። ሦስቱም ሕጋዊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኩል ግን አይታመኑም። የሪፖርቱ ሰንጠረዥ ላይ ገብተው አንድ ዓይነት ፊደል ከለበሱ በኋላ የቱ የተለካ፣ የቱ የተገመተ እንደሆነ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ከየቁጥሩ ጎን ምንጩን ጻፊ። አለቃሽ «ሰንጠረዡን ታጣብቢዋለሽ» ቢልሽም ጻፊው።

የተለካውንም ቢሆን ዝም ብለሽ አትቀበይ። በጋዝ የሚሠራ የእንፋሎት ማሞቂያ አለ እንበል። ለካዩ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በኩብ ሜትር 60 ሚሊግራም ብሎ ጻፈ፤ ገደቡ 100 ነው። ሁሉም ደስ አለው። የኦክስጅኑን አምድ ስታዪ ግን ልኬቱ የተወሰደው ጭሱ ውስጥ 12 በመቶ ኦክስጅን እያለ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ የሚጠይቀው በ3 በመቶ ኦክስጅን የተስተካከለ ቁጥር ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ነውና ከ21 ላይ 3 ቀንሺ፣ 18፤ ከ21 ላይ 12 ቀንሺ፣ 9፤ 18ን ለ9 አካፍይ፣ 2። ትክክለኛው ቁጥር 120 ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካው ከገደቡ አልፏል። ጭሱ በንጹሕ አየር ቀጠነ እንጂ የወጣው መርዝ በአንዲት ግራም አልቀነሰም። ሙቀቱን፣ ግፊቱንና እርጥበቱንም እንዲሁ መርምሪ።

ደግሞ በልኬቱ ቀን ፋብሪካው በምን ያህል ጉልበት ይሠራ እንደነበር ጠይቂ። በግማሽ ምርት የተወሰደ ናሙና ስለ ሙሉው ምርት አይናገርም።

3. ከቢሮ ውጪ፣ ደረጃውንም ውጪ። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ቢያንስ የሚታወቅ መንገድ አለው። በኬሚካል ፋብሪካ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በቫልቭ፣ በቱቦ መገጣጠሚያ፣ በፓምፕ ማኅተም በኩል እየሾለከ የሚወጣው ተን ነው። ዓይን አያየውም፤ በመርማሪ መሣሪያ አንድ በአንድ መፈተሽ አለበት። የተበላሸው ምልክት ይደረግበታል፤ ይጠገናል፤ ከተጠገነ በኋላ እንደገና ይለካል። ይህን የሚሠሩት ቴክኒሻኖች በበጋ ፀሐይ ብረት ላይ ይውላሉ። ከእነሱ ጋር ሂጂ፤ ቡና ጠጪ፤ ስማቸውን እወቂ። የቱ ቫልቭ ሁልጊዜ እንደሚያንጠባጥብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ሪፖርት ላይ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ብዙዎቹ የኛው ሽኩና ልጆች ናቸው፤ በአማርኛ ስትጠይቂያቸው በዕብራይስጥ ያልተናገሩትን ይነግሩሻል።

4. ነፋሱን እወቂ፤ በነፋሱ መንገድ የሚኖረውንም ሰው እወቂ። በቤር ሸቫ ቀን ቀን ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ይመጣል፤ ጭሱንም ወደ ምድረ በዳው ይወስደዋል። ሌሊት የኔጌብ መሬት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ምጣድ አክንባሎ ይከድነዋል፤ የወጣው ነገር ሳይበተን ባለበት ይቆያል። የሥርጭት ሞዴል ስትሠሪ የቀኑን አማካይ ብቻ አይተሽ አትርኪ። ከባዱን ሰዓት ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ ሰው ተኝቶ እያለ የሚመጣ ነው።

ከፋብሪካዎቹ አጥር ሥር ዋዲ አል-ናዓም አለ። መንግሥት እውቅና ያልሰጠው የቤዱዊን መንደር ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩበታል። የኤሌክትሪክ ማመንጫው አጠገባቸው ነው፣ እነሱ ግን ከመስመሩ አልተገናኙም። በ2006 የታተመ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከኢንዱስትሪው ቀጠና 20 ኪሎ ሜትር ባልራቁ የቤዱዊን ባህላዊ ሰፈሮች ከባድ የትውልድ ጉድለት ይበልጥ መታየቱን ዘግቧል። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያቱ ይህ ጭስ ነው ብሎ አያረጋግጥም፤ አንቺም መሐንዲስ ነሽና ከተባለው በላይ አትበዪ። ነገር ግን ሞዴልሽ ላይ «ተቀባይ ነጥብ» ስታስቀምጪ እነዚያ ቆርቆሮ ቤቶች ካርታ ላይ ስማቸው ስለሌለ ብቻ አይቅሩ። የሚተነፍስ ሰው ባለበት ሁሉ ነጥብ አድርጊ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ራሳችን በመዝገብ ሳንቆጠር የኖርን ሕዝብ ነን፤ ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

5. «ጥገና ላይ ነው» የሚለውን ቃል ፍሪ። በኖቬምበር 1984 የኛ ሰው ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል መግባት ጀመረ። በዚያው ሰሞን፣ በዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ፣ ሕንድ አገር ቦፓል ውስጥ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛም ጋዝ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ፋብሪካው ጋዙን የሚያጥብ ማጣሪያ ነበረው፤ የሚያቃጥል ማማ ነበረው፤ ጋኑን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያም ነበረው። ማቀዝቀዣው ተዘግቷል፤ ማማው ለጥገና ተፈቷል፤ ማጣሪያውም እንዲህ ያለውን ጎርፍ አልቻለም። ወረቀት ላይ ግን ሁሉም ነበሩ። ማጣሪያ ሲቆም ምርቱም ይቁም ወይም ይቀንስ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ማሽን ሲነሣና ሲጠፋ የሚወጣውንም ቁጠሪ፤ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ጭስ የሚወጣው ያኔ ነውና።

6. ይሉኝታን ቤት አስቀምጠሽ ግቢ። እኛ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍተን፣ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አድገናል። ለጎረቤት ጠብ ጥሩ ምክር ነው። በዚህ ሥራ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ስብሰባ ላይ ብቸኛዋ ሐበሻ፣ ብቸኛዋም ሴት ትሆኚ ይሆናል፤ ሥራ አስኪያጁም «ይህን ቁጥር እንደገና ብታዪው» ሊልሽ ይችላል። እንደገና እዪው። አሁንም ያው ከሆነ «አይቼዋለሁ፣ ያው ነው» በዪ፤ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም። ከዚያ የተባባላችሁትን በአጭር ኢሜይል ጻፊለት።

«አለቃዬ ነው ያዘዘኝ» ማለት አያድንም። የመኪና አምራቹ ፎልክስቫገን በሙከራ ጊዜ ብቻ ልቀትን የሚቀንስ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ መግጠሙ በ2015 ተጋለጠ። ከተፈረደባቸው አንዱ ኦሊቨር ሽሚት ነው። ሥራው ልክ እንዳንቺ ሥራ ነበር፤ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ለአካባቢ ሕግ መገዛቱን የሚከታተለውን ቢሮ ይመራ ነበር። በ2017 መጨረሻ 7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አለቆቹ ምን እንዲል እንዳዘጋጁት ለፍርድ ቤቱ ቢገልጽም ከእስራቱ አላዳነውም።

7. ተቆጣጣሪውን እንደ ጠላት አትዪው። ብልሽት ሲደርስ ከአንቺ ይስማ እንጂ ከመንደሩ ስልክ አይስማ። ሳይጠራ ሲመጣም በሩ ላይ አታቆሚው።

8. ሰነዱ የሕዝብ መሆኑን አትርሺ። በ2012 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች በየዓመቱ ወደ አየር፣ ወደ ውሃና ወደ መሬት የሚለቁትን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ነው። የፈቃድ ረቂቅ ሲወጣም ማንም ሰው አስተያየት መስጠት ይችላል። ኢትዮጵያም ብትሆን በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ማንም ሰው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዳለች። ይህን አንቀጽ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል።

ነገር ግን የኛ ሽኩና ሽማግሌዎች በዕብራይስጥ የተጻፈ የመቶ ገጽ ረቂቅ እንዴት ያንብቡ? ገና ከጎንደር ጀምሮ ጭስ የለመዱ፣ ሲያስሉ «ብርድ ነው» የሚሉ እናቶች አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ማን ነገራቸው? በራስሽ ፋብሪካ ፈቃድ ላይ እነሱን መርዳት አትችዪም፤ ሁለት ጌታ ይሆንብሻል፤ ተገቢም አይደለም። የሌሎቹ ፋብሪካዎች ረቂቅ ሲወጣ ግን ና በዪኝ። አንቺ ቁጥሩን ታስረጂያለሽ፣ እኔ በአማርኛ አስተካክዬ እጽፋለሁ፤ ቄሱንና እናቶችን እጠራለሁ፤ ጥያቄያቸውን በዕብራይስጥ ገልብጠን በስማቸው ቀኑ ሳያልፍ እናስገባለን። ሳሎኔ ጠባብ ነው፤ ወንበር ከጎረቤት እንዋሳለን።