ተግሣጽና ስድብ በውርርድ መካከል

ገሠጸ የሚለው የግእዝ ግሥ መከረ፥ አስተማረ፥ ቀጣ ተብሎ ይተረጐማል፤ ጸረፈ የሚለው ደግሞ ሰደበ ማለት ነው። ሁለቱም ከአንድ አንደበት ይወጣሉ፤ ፍሬያቸው ግን የተለያየ ነው። ተግሣጽ ጥፋቱን ከአጥፊው ለይቶ አጥፊውን ይመልሳል፤ ስድብ ግን ጥፋቱን ትቶ ሰውየውን ያቈስላል። ይህን ልዩነት በስፖርት ውርርድ ምክንያት በሚነሣው ክርክር ላይ እንመለከተዋለን። ውርርዱ ራሱ የሚያመጣው ጥፋት ሌላ ሰፊ ትምህርት የሚሻ ስለ ሆነ፥ አሁን የምንናገረው ከእርሱ ስለሚወለደው የአንደበት ኀጢአት ነው። ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

በ2025 ዓ.ም. በሜይ ወር፥ በአሜሪካ አገር ላንስ ማከለርስ የተባለ የሂዩስተን ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ሳይቀናው ቀረ። ከጨዋታው በኋላ ልጆቹን የሚገድል ዛቻ በማኅበራዊ መገናኛ ደረሰው። ፖሊስ ሲመረምር፥ የጻፈው ሰው በባሕር ማዶ የሚኖር፥ በዚያ ጨዋታ ተወራርዶ ገንዘቡን ያጣና በስካር ላይ የነበረ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ይቅርታ ለመነ፤ ማከለርስም ክስ ሳያቀርብበት ቀረ። ልብ እንበል፤ ሕፃናቱ ያን ሰው ምንም አልበደሉትም፤ ነገር ግን የጠፋው ገንዘብ ሰው መሆናቸውን ከዐይኑ ሰወረበት።

ይህም የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። የሴቶች ቴኒስ ማኅበርና ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እንደ ገለጡት፥ በ2024 ዓ.ም. 458 ተጫዋቾች ወደ 8,000 የሚጠጋ የስድብና የዛቻ ጽሑፍ ደርሶባቸዋል፤ ከዚህም ከመቶው 40 እጁ ተወራርደው ከተቈጡ ሰዎች የመጣ ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ሰው በቡድን ድል ብቻ ሳይሆን በአንድ ተጫዋች አንድ ሥራ ላይ ገንዘብ ሲያስይዝ፥ በከሰረ ጊዜ የሚወቅሰው አንድ ሰው ያገኛል። የኦሃዮ ግዛትም በ2024 ዓ.ም. በኮሌጅ ተጫዋቾች የግል ውጤት ላይ መወራረድን የከለከለችው ስለዚህ ነው።

በአገራችንም ከተሞች ወጣቶች በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲወራረዱ እናያለን። እንግዲህ ወጣቶችን የሚሰበስብ፥ የንስሐ ልጆችን የሚጠብቅ ወይም ማኅበር የሚመራ ሰው በሁለት በኩል ይጠንቀቅ። አንደኛ፥ ሰላም ይሁን በማለት የእውነተኛውን ወቀሳ አፍ አይዝጋ። ተጫዋቹ ዛሬ ደክሟል የሚል፥ አወራራጁ ድርጅት ያሸነፍሁትን ከለከለኝ ብሎ የሚከስ፥ ይህ ቁማር ቤታችንን አፈረሰ ብሎ የሚጮኽ ሁሉ ሊሰማ ይገባዋል። ነቢዩ ናታን ዳዊትን በገሠጸው ጊዜ አልሰደበውም፤ ጥፋቱንም አልሸፈነለትም። በጉ ስለ ተወሰደበት ድኻ ምሳሌ ነግሮ፥ ንጉሡ በራሱ ላይ እንዲፈርድ አደረገው።

ሁለተኛ፥ ስድብን እንደ ወቀሳ ቈጥሮ አይለፈው። ነገሩ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ወላጆች፥ ወደ ልጆቹ፥ ወደ ዘሩ ወይም ወደ መልኩ ከዞረ ተግሣጽነቱ ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስተማረውን ሥርዓት እንከተል፤ ይኸውም አስቀድሞ ለብቻ መምከር፥ ባይሰማ በምስክር ፊት መምከር፥ እንቢ ቢል ግን ከጉባኤው መለየት ነው። የግድያ ዛቻ ሲሆን ግን ወዲያውኑ ለሕግ አስከባሪ መንገር ይገባል። የከሰረውንም ሰው ሞኝ ብለን አንዝበትበት፤ በዕዳ የተጨነቀ ሰው ንቀት ሲጨመርበት ወደ ባሰ ነገር ይሄዳልና።

በቀራንዮ ወታደሮቹ በጌታችን ልብስ ላይ ዕጣ ሲጣጣሉ፥ አላፊ አግዳሚው ይሰድበው ነበር። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 23 ቍጥር 34ን የሚመለከት ሰው፥ የዕጣው ነገርና ጌታችን ለበደሉት የለመነው የምሕረት ልመና በአንድ ቍጥር ተያይዘው ያገኛል። ዕጣ ጣዮቹ ልብሱን አገኙ፤ ልመናውን የሰማ ግን ከልብሱ የሚበልጠውን አገኘ። እኛም በአንደበታችን ከማን ጋር እንደምንቆም እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።