የአልፍሪስተን የካህናት ቤት

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ በተነገረ ቁጥር አሳባችን ወደ መቅደሱና ወደ ደወሉ ቤት ይሄዳል፤ በአጥሩ ጥግ ስላለው የካህኑ መኖሪያ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ካህኑ ከምእመናኑ ጋር እንዴት ይኖር እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ከመቅደሱ ይልቅ ቤቱን መመርመር ይገባዋል። ለዚህ ጥናት የመረጥነው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፥ በካክሚር ወንዝ ዳር በምትገኘው በአልፍሪስተን መንደር ያለውንና «ክለርጂ ሃውስ» ማለትም የካህናት ቤት እየተባለ የሚጠራውን ጥንታዊ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው፤ ይኸውም እንግሊዝ ገና ከሮማ መንበር ጋር በአንድነት በነበረችበት ዘመን የታነጸ ነው። ከጎኑ በባልጩት ድንጋይ የተሠራው፥ የመስቀል ቅርጽ ያለው የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል።

የሥነ ሕንጻ ሊቃውንት ይህን ዓይነት ቤት «የዊልድ አዳራሽ ቤት» ይሉታል። ዊልድ በኬንትና በሰሴክስ የተዘረጋ፥ ጥንት በደን የታወቀ አገር ነው። ቤቱ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ሲሆን በሦስት ይከፈላል። መካከለኛው ክፍል ከወለሉ እስከ ጣሪያው ወራጆች ድረስ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ጫፎች ግን ምድር ቤትና ፎቅ አላቸው። የጫፎቹ ፎቅ ከታችኛው ግድግዳ ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ አዳራሹ ፎቅ ስለሌለው ግድግዳው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቀራል። ጣሪያው ግን ሦስቱንም የሚያለብስ አንድ ወጥ ክዳን ነው። እንግዲህ በአዳራሹ ፊት ለፊት የክዳኑ ጠርዝ የሚያርፍበት ግድግዳ አያገኝም። የዚያ ዘመን አናጢ ይህን ችግር የፈታው ከሁለቱ ጫፎች ጎበጥ ያሉ ደጋፊ እንጨቶችን አውጥቶ፥ በአየር ላይ የተዘረጋውን አግዳሚ እንዲሸከሙ በማድረግ ነው። የዊልድ ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የቤቱ አጽም ኦክ ከሚባለው የባሉጥ ዛፍ የተሠራ ነው። ምሰሶና አግዳሚ የሚያያዙት በምስማር ሳይሆን፥ የአንዱ ጫፍ በሌላው ፍልፍል ውስጥ ገብቶ በእንጨት ችካል በመጠበቁ ነው። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ቦታ በቀጫጭን እንጨት ይማገርና በጭቃ ይመረጋል፤ ክዳኑም ሣር ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር ሲቦካ እያየ ያደገ ያገራችን ሰው በዚህ ግድግዳ ፊት ቢቆም ባዕድነት አይሰማውም። ወለሉ ግን ለእኛ እንግዳ ነው፤ የተፈጨ ጠመኔ ተደልድሎና ተደብድቦ፥ ከዚያም በኮመጠጠ ወተት እየራሰ እንዲጠነክር የተደረገ ነው።

በእንዲህ ያለው አዳራሽ እሳቱ የሚነደው በወለሉ መካከል ነበር። የጭስ ማውጫ አልነበረም፤ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ይሄድ ነበር። በመሆኑም ወራጆቹ በጥቀርሻ ይጠቁራሉ። አጥኚዎች በኋላ ዘመን ወለል ገብቶበት በፎቅ የተከፈለ ቤት ቀድሞ ክፍት አዳራሽ እንደ ነበረ የሚያረጋግጡት ጣሪያው ውስጥ ገብተው ይህን ጥቀርሻ በማየት ነው። ጥቀርሻ የቤት ነውር ነው ብለን እንጠርገው ይሆናል፤ ለታሪክ ግን ምስክር ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ቅርጽ ለካህናት ተብሎ የተፈለሰፈ አይደለም፤ በዚያ አካባቢ ደህና ኑሮ ያለው ገበሬ የሚሠራው ቤት ይኸው ነበር። የመካከለኛው ዘመን የገጠር ካህንም በኑሮው ከገበሬ ብዙ አይርቅም። መተዳደሪያው ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ እርሻና ምእመናን በእህል፥ በበግና በሱፍ የሚከፍሉት አሥራት ነበር። ስለዚህ ከጸሎት መጽሐፉ ሌላ ጎተራና ጓዳም ያስፈልገው ነበር። በሶመርሴት ያለው የማችልኒ የካህን ቤትም፥ የአካባቢው ገዳም በ1308 ለቁምስናው ካህን ያሠራው ሆኖ ሳለ፥ ያው አዳራሽ ያለው የሣር ቤት ነው። ካህኑን ከጎረቤቱ የሚለየው የግድግዳው ከፍታ አልነበረም።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአልፍሪስተኑ ቤት ተጎሳቁሎ ተከራይ የሚኖርበት ጎጆ ሆነ። በ1880ዎቹ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣኖች እንዲፈርስ ፈቀዱ። ልብ በሉ፤ ሊያፈርሰው የተነሣው ጠላት ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ ነበር። በቤቱ ትኖር የነበረች አንዲት አሮጊት ዕድሜዬን እዚሁ ልጨርስ ብላ በመለመንዋ ማፍረሱ እንደ ዘገየ ይነገራል። የመንደሩ አንግሊካዊ ካህን ኤፍ. ደብልዩ. ቤይነን ግን ቤቱ እንዲድን መማጸናቸውን አልተዉም። በመጀመሪያ በ1877 በዊልያም ሞሪስ አነሣሽነት ወደ ተቋቋመው የጥንታዊ ሕንጻዎች ጥበቃ ማኅበር አቤት አሉ፤ በኋላም ጉዳዩ በ1895 ወደ ተመሠረተው ወደ «ናሽናል ትረስት» ደረሰ። ትርጓሜው «ብሔራዊ አደራ» ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ለለንደን ድሆች መኖሪያ ቤት የደከመችው ኦክታቪያ ሂል ነበረች። ማኅበሩ በ1896 ቤቱን በአሥር ፓውንድ ገዛው፤ ከገዛቸው ሕንጻዎችም የመጀመሪያው ይህ ነው። ጥገናው ግን ከዋጋው እጅግ የበለጠ ገንዘብ ጠየቀ። ሥራውን የመራው አርክቴክት አልፍሬድ ፓውል ሲሆን፥ የተከተለውም መንገድ አሮጌውን አዲስ ማስመሰል ሳይሆን፥ የቆመውን ደግፎ የበሰበሰውን ብቻ መተካት ነበር።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በክህነቴ የመጀመሪያ ዓመታት በተመደብኩበት የገጠር ቁምስና ከእኔ በፊት የነበሩ አባቶች የኖሩበት የጭቃ ቤት ነበር። በብሎኬት እንዲተካ ሲታሰብ የስምምነቱን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ቤት ዝናብ አላስገባም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የጽድ ምሰሶዎቹ ለማገዶ ሲፈለጡ ውስጣቸው ገና ቀይና ጤነኛ ነበር። ክፍሎቹን በሜትር የለካ፥ ፎቶግራፍ ያነሣ፥ ማን እንደ ሠራው ሽማግሌዎችን የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ሁሉ ሊደረግ ይችል የነበረው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ተመሳሳይ ቤት ያላችሁ ወንድሞች፥ ቢያንስ ይህን ያህል አድርጉ፤ ከመፍረም በፊትም ጣሪያውን ወጥታችሁ እዩ።

በአልፍሪስተን አዳራሽ ውስጥ ከፍ ብሎ በእንጨቱ ላይ የተቀረጸ የባሉጥ ቅጠል አለ። ናሽናል ትረስት ዛሬ የሚጠቀምበት የባሉጥ ቅጠል ዓርማ መነሻው ይህ ነው የሚሉ አሉ፤ ዓርማው የተሣለው በ1930ዎቹ ነው። ቅጠሉን የቀረጸው አናጢ ስሙን አልተወም።