የመሣሪያ መግለጫ እንዴት ይፈተናል?

በአሁኑ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ ከመመለስ አልፎ ሥራም መሥራት ጀምሯል። ቀጠሮ ይይዛል፣ መዝገብ ይፈልጋል፣ ደብዳቤ ይልካል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም «ወኪል» ይባላል። ወኪሉ ግን ሥራውን የሚያከናውነው ሌሎች አነስተኛ ፕሮግራሞችን እያዘዘ ነው፤ እነዚህን «መሣሪያ» እንላቸዋለን። ታዲያ ከብዙ መሣሪያዎች መካከል የትኛውን ማንሣት እንዳለበት በምን ያውቃል? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው።

1. መግለጫ ምንድን ነው?

አንድ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች አሉት፤ እነርሱም ስም፣ መግለጫና የሚቀበላቸው ግብአቶች ዝርዝር ናቸው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2024) ያወጣው ኤም ሲ ፒ የተሰኘ የመገናኛ ደንብም ይህንኑ አሠራር ይከተላል። ወኪሉ መሣሪያው ውስጡ እንዴት እንደተሠራ አያይም። ከመምረጡ በፊት የሚያነበው እነዚያን ጥቂት መስመሮች ነው። ስለሆነም መግለጫው ከተበላሸ መሣሪያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሥራው ይበላሻል።

2. ምሳሌ

«ቀጠሮ ያዝ» የሚባል የትምህርት ቤት መሣሪያ አለ እንበል። መግለጫው «ቀጠሮ ይይዛል፤ ቀንና ሰዓት ይቀበላል» ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ግልጽ ነው፤ አይደል? አንድ ወላጅ «ለነገ ጠዋት 3 ሰዓት ያዙልኝ» ቢሉስ? ወኪሉ 3 ቁጥርን እንዳለ ቢያስገባና መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ሰዓት ቢሆን፣ ቀጠሮው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል! ቀኑም ያው ነው፤ የእኛ መስከረም 1 ቀን 2017 በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር።

የተሻለው መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ከወላጅ ጋር አዲስ ቀጠሮ ለመያዝ ብቻ ያገለግላል። የተያዘውን ለማዛወር «ቀጠሮ ለውጥ» የተባለውን ተጠቀም። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ተቆጥሮ ይጻፍ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለው 09:00 ይሆናል። ቀኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሁን። ጠዋት ወይም ማታ ካልተባለ አስቀድመህ ጠይቅ።»

እዚህ ላይ መግለጫው ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሠራ፣ ግብአቱ በምን መልክ እንደሚጻፍና ሲያጠራጥር ምን እንደሚደረግ ተነግሯል። ይህ ማለት ግን መግለጫ ሲረዝም ይሻላል ማለት አይደለም። የማይረባ ዝርዝር ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል።

3. የፈተናው አካሄድ

መግለጫ በንባብ ማማር አይመዘንም። ለምን ቢሉ፣ የጻፈው ሰው ያልጻፈውንም ጭምር በልቡ ስለሚያነብ ነው። የሚመዘነው በሥራ ነው።

ሀ/ ሰዎች በሚናገሩበት አነጋገር ሃያ ያህል ትእዛዞች ይዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱም ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ይጻፍ። መሣሪያው ፈጽሞ መነካት የሌለበት ትእዛዝም ይጨመርበት።

ለ/ እያንዳንዱ ትእዛዝ ደጋግሞ ይሰጥ። ወኪሉ ዛሬ የመለሰውን ነገ ላይመልስ ይችላልና።

ሐ/ ሦስት ነገሮች ለየብቻ ይቆጠሩ፤ ትክክለኛውን መሣሪያ መረጠ ወይ? ግብአቱን በትክክል ሞላ ወይ? መተው ሲገባው ተወ ወይ? በአንድ ድምር ከጨፈለቅናቸው የስሕተቱ ምንጭ አይታወቅም። የተሳሳተ መሣሪያ ካነሣ መግለጫው ከጎረቤቱ አልተለየም ማለት ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን አግኝቶ ግብአቱን ካበላሸ ደግሞ የግብአቱ ማብራሪያ መታየት አለበት።

መ/ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ፈተናው በሙሉ እንደገና ይሰጥ። የአንዱን መግለጫ ስናሻሽል የሌላውን ሥራ እንዲቀማ ልናደርገው እንችላለን።

ሠ/ ጥቂት ትእዛዞች እስከ መጨረሻው ተደብቀው ይቆዩ። ያለዚያ መግለጫው የሚስተካከለው ለፈተናው ብቻ ይሆናል፤ ይህ እኮ ተማሪን የፈተናውን ጥያቄ አስጠንቶ ውጤቱ አማረ እንደማለት ነው።

4. ለእኛ ለእጩ መምህራን ምን ይጠቅማል?

የፈተና ትእዛዝ ስንጽፍ የምንሠራው ሥራ ከዚህ አይለይም። ከክፍሉ አብዛኛው ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠራ፣ «አላጠኑም» ከማለታችን በፊት ትእዛዛችንን እንይ። አንድ ልዩነት ግን አለ። ተማሪ ካልገባው እጁን ያወጣል፤ ወኪል ግን ብዙ ጊዜ ገምቶ ይቀጥላል። የገመተው ነገር የተማሪዎችን ውጤት መሰረዝ ከሆነ ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ሊመለስ የማይችል ሥራ የሚሠራ መሣሪያ መግለጫው ይህንኑ በግልጽ ይናገር፤ ከመሥራቱም በፊት የሰው ፈቃድ ይጠየቅ።

መልመጃ

ኮምፒዩተር አያስፈልግም። «ውጤት አሳይ» እና «ውጤት አርም» ለሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች መግለጫ ጻፉ። ቀጥሎ አምስት ትእዛዞች አዘጋጁ፤ አንዱ ሁለቱንም መሣሪያዎች የማይመለከት ይሁን። ወረቀቱን ሐሳባችሁን ላልሰማ ጓደኛችሁ ስጡትና የትኛውን መሣሪያ እንደሚመርጥ ይጻፍ። በመሐል ምንም አታስረዱት። ማስረዳት ካማራችሁ፣ የጎደለው ቃል ያ ነውና መግለጫው ውስጥ ጨምሩት።